ሉቤሮንን በብስክሌት መዞር፦ የ236 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት ሲገመገም

ከኩስተሌ መንደር ወደ አፕት ከተማ የሚወስደው ዲ 900 ቀጥ ያለ፣ ሜዳማና አጭር መንገድ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮችም ይህን ስለሚያውቁ በብስክሌተኛው ክርን ሥር እየተምዘገዘጉ ያልፋሉ። «ሉቤሮን በብስክሌት» የተባለው መስመር ደግሞ እዚያው አፕት ያደርሳል፤ ግን በወይን ማሳ መሀል ያዞራል፣ ኮረብታ ላይ ወደተሰቀለ መንደር ያወጣል፣ መልሶ ያወርዳል፣ እንደገና ያወጣል። የዚህ መስመር ነገሩ ሁሉ በዚህ ውል ውስጥ ነው፦ ርቀትና ዳገት ትከፍላላችሁ፣ ጸጥታ ትገዛላችሁ። ውሉ ያዋጣል ወይ? በአብዛኛው አዎ። የማያዋጣባቸውን ቦታዎችም እንናገራለን።

ቦታው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ነው። የሉቤሮን ተራራ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል፤ ከፍተኛው ጫፉ ሙር ኔግር 1,125 ሜትር ነው። ቀለበቱ ይህን ተራራ እንደ መቀነት ይዞረዋል፦ በስተሰሜን ከካቫዮን በአፕት በኩል እስከ ፎርካልኪዬ፣ ከዚያ ወደ ማኖስክ ወርዶ በስተደቡብ በሉርማራን በኩል ተመልሶ ካቫዮን። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ በር የለም። የሚሰጣችሁ አገልግሎት መንገድ ዳር የቆመ ምልክት ብቻ ነው፤ እኛም የምንገመግመው እሱን ነው። ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ የሚጠብቅ ሰው ግን ከወዲሁ ይወቅ፦ አብዛኛው ክፍል መኪናም የሚሄድበት ጠባብ የገጠር አስፋልት ነው። ጸጥ ያለው መኪና ስለተከለከለ አይደለም፤ መኪናው ፈጣኑን መንገድ ስለሚመርጥ ነው።

ምልክቶቹ በፈረንሳይ የብስክሌት ሥርዓት መሠረት ነጭ መደብ ላይ በአረንጓዴ የተጻፉ ትንንሽ ሰሌዳዎች ናቸው። ለሁለቱም አቅጣጫ ስለተተከሉ ከየትኛውም ከተማ ተነስቶ ወደፈለጉት ወገን መዞር ይቻላል። የሚቆሙት መገንጠያ ላይ ነው፤ ስለዚህ መገንጠያ አልፋችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁና ቀጣዩ መገንጠያ ላይ ምልክት ካጣችሁ ያለፈው ላይ ስታችኋል ማለት ነው፣ ተመለሱ። ሰው የሚጠፋው ገጠር ውስጥ አይደለም። የሚጠፋው ካቫዮን፣ አፕትና ማኖስክ ሲገባና ሲወጣ ነው፤ አደባባዩ ላይ የሆቴል፣ የሱፐርማርኬትና የመኪና ማቆሚያ ሰሌዳ ተደራርቦ ትንሿን አረንጓዴ ጽሑፍ ይውጣታል። የመስመሩን የጂፒኤክስ ፋይል (ስልክ ካርታ ላይ መንገዱን የሚያሳይ) ስልክ ላይ ጭኖ ለእነዚህ ሦስት ከተሞች ብቻ መክፈት ይበቃል። የመስመሩ ከፊል ከስፔን ካዲስ የሚነሳው ረጅም የአውሮፓ የብስክሌት መስመር የዩሮቬሎ 8 አካል በመሆኑ የሁለቱ ምልክት አንድ ምሰሶ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ግራ አትጋቡ። አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፦ ሰሌዳው ርቀት እንጂ የዳገት መጠን አይነግርም። «8 ኪሎ ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ሃያ ደቂቃም ሆነ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በየት በኩል ይዞራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነፋሱ ነው። ሚስትራል የሚባለው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ በሮን ሸለቆ ተንደርድሮ ይመጣል፤ በክረምትና በጸደይ ይበረታል፣ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ቀን አለ። የድሮ ቤቶች በሰሜን በኩል መስኮት የሚቆጥቡት፣ ገበሬውም የጥድ ዛፍ በረድፍ የሚተክለው እሱን ፈርተው ነው። ስለዚህ ከካቫዮን ተነስቶ በሰሜን በኩል ወደ ምሥራቅ መሄድ ነፋሱን ከጀርባ ያደርጋል፤ በደቡብ በኩል ሲመለሱ ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርዳል። ይህ ከለላ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ፣ የሜራንዶልን መንደር አልፎ የዱራንስ ወንዝ ሸለቆ ሲከፈት ነው፤ ለመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጉልበት አስቀሩ። በተቃራኒው የዞረ ሰው ሚስትራል ሲነሳ ከፎርካልኪዬ እስከ ካቫዮን ፊቱን ይገረፋል። ሌላው አደጋ የጎን ግፊት ነው፦ የጥድ ረድፉ ድንገት ሲያልቅ ነፋሱ ብስክሌቱን ወደ መሀል መንገድ ይገፋዋል። ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቸርኬ ለዚህ አገር አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ከካቫዮን እስከ አፕት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፈጣን ጋላቢ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፣ ግን አይጨርሰው። ኦፔድ-ለ-ቪዩ ቋጥኝ ላይ የቀረ ግማሽ ፍርስራሽ መንደር ነው፤ ብስክሌቱን ከታች አስሮ በእግር መውጣት ይሻላል፣ የላይኛው መንገድ ኮብልስቶን ነውና የጫማ ማያያዣ ብረት ያንሸራትታል። ከዚያ ሜኔርብ ይመጣል፣ ከሜኔርብ ላኮስት። የላኮስት ቤተ መንግሥት የፈረንሳዊው ጸሐፊ የማርኪ ደ ሳድ ነበር። ላኮስትና ቦንዬ ሸለቆ ለይቷቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ዓይን ቅርብ ነው ይላል፣ እግር ግን ታች ወርዶ እንደገና መውጣት አለበት። ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፦ ላኮስትን በትልቁ ጥርስ እየገፋ ይወጣና የቦንዬ ዳገት ሲመጣ ባዶ ይሆናል። ከሜኔርብ ጀምሮ ትንሹን ማርሽ መያዝ ያዋጣል።

ቦንዬ ሲደርሱ ከላይ ሌላ አማራጭ አለ። ከመንደሩ በላይ ያለው የአርዝ ደን በ1861 (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን አፍሪካ አትላስ ተራሮች በመጣ ዘር የተተከለ ነው፤ በተራራው ጫፍ ላይ ያለው አስፋልት ለመኪና ተዘግቷል። በጸደይ ከመስመሩ ሁሉ ጸጥታ የሚበዛበት እዚያ ነው። በበጋ ግን የእሳት ስጋት ሲጨምር ባለሥልጣናቱ ደኑን ለእግረኛም ለብስክሌትም ይዘጋሉ፤ የቮክሉዝ አስተዳደር በየቀኑ የሚያወጣውን ካርታ ሳያዩ መውጣት ለቅጣትም ለአደጋም ይዳርጋል። ሚስትራል በሚነፍስበት ቀንም ጫፉን እርሱት።

ከቦንዬ በታች፣ በሸለቆው ወለል፣ የዩልየስ ድልድይ አለ፤ ፈረንሳዮቹ ፖን ዡልየን ይሉታል። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት 3 ዓመት በፊት በቪያ ዶሚሺያ ጎዳና ላይ የሠሩት ባለ ሦስት ቅስት ድልድይ ነው። አጠገቡ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ጡረታ እስከወጣበት እስከ 2005 ድረስ መኪና ያሳልፍ ነበር። አሁን ብስክሌትና እግረኛ ብቻ ያልፉበታል። በድልድዩ አጠገብ የካላቮን የብስክሌት መንገድ ያልፋል፤ የድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረና አሁን አስፋልት የለበሰ፣ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም እውነተኛ የብስክሌት መንገድ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ሕፃን ይዞ የሚጓዝ፣ ወይም ጉልበቱ የደከመ፣ የቦንዬን ዳገት ትቶ በዚህ በኩል አፕት ቢገባ አያፍርም። ጉድለቱ መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ ብረት መከለያ ማስቆሙ ነው፤ በመከለያዎቹ መሀል ሰፊ ሻንጣ የጫነ ብስክሌት እየተላተመ ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ደግሞ ውሻና ሕፃን ይበዛበታል፣ ፍጥነት አያምርበትም።

ከአፕት እስከ ፎርካልኪዬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው የሚቀንሰውና አገሩ የሚሰፋው እዚህ ነው። የቱሪስት አውቶቡስ ከአፕት ወዲያ እምብዛም አይደርስም፤ በሴሬስትና በሬያን አካባቢ ሜዳው ከፍ ይላል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ሴን-ሚሼል-ሎብሰርቫቷር ላይ ነጫጭ ጉልላቶች ይታያሉ፤ በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ፀሐይን የምትመስል ኮከብ የሚዞረውን የመጀመሪያውን ፕላኔት ያገኙት በዚህ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ነው። በዚህ ክፍል ሱቅ ይሳሳል። አፕት ላይ ውሃና ምግብ ሳይሞሉ መነሳት የመስመሩ የተለመደ ስህተት ነው። ፎርካልኪዬ ሰኞ ላይ ከደረሳችሁ ገበያው መሀል ከተማውን ሞልቶታልና ብስክሌቱን እየገፋችሁ ግቡ።

ከፎርካልኪዬ ማኖስክ ያለው ወደ 30 ኪሎ ሜትር አጭርና አመዛኙ ቁልቁለት ነው። ብዙ የሚባልለት የለም፤ ማኖስክ ሲቃረብ መኪና ይበዛል፣ የቀለበቱ ደካማ ክፍል እሱ ነው።

ከማኖስክ ወጥቶ ዳገቱን የጨረሰ ሰው የኤግ ምድር በሚባለው የወይንና የወይራ ሜዳ ላይ ይለቀቃል። በላ ቱር ዴግ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የተቃጠለው ቤተ መንግሥት ፊቱ ብቻ ቆሟል። አንሱዊ፣ ቀጥሎ ኩኩሮን፤ ኩኩሮን ላይ ዕድሜ ጠገብ የፕላታን ዛፎች የከበቡት የውሃ ገንዳ አለ፤ የመስመሩ ምርጥ የቀትር ማረፊያ እሱ ነው ብንል የሚከራከረን አናገኝም። ሉርማራን መቃብሩ ውስጥ ጸሐፊው አልበር ካሙ አርፏል። ከማኖስክ ሉርማራን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሉርማራን ካቫዮን ደግሞ 45 ገደማ ስለሆነ ጠቅላላ ዙሩ ለመካከለኛ ጋላቢ የአምስት ቀን፣ ለጠንካራ የሦስት ቀን ሥራ ነው።

ከመጨረሻው ክፍል ሜራንዶልን በዝምታ አትለፉት። በ1545 የቫልዶ ተከታዮች የሚባሉ ክርስቲያኖች በሃይማኖታቸው ምክንያት በገፍ የተገደሉበትና መንደሩም የወደመበት ቦታ ነው። ዘመቻውን የመራው ዣን ሜኒየ የኦፔድ ጌታ ነበር፤ ቀለበቱ መጀመሪያ ላይ ያሳያችሁ ያ ፍርስራሽ የእሱ መቀመጫ መሆኑ ነው። ገዳዩና ተገዳዩ በአንድ ተራራ በሁለት ጎን፣ በአንድ መስመር ላይ ተሰፍተዋል፤ የመንገድ ዳር ሰሌዳው ግን ይህን አያገናኝም።

አሁን ችግር ወደሚፈጥሩት እንምጣ። ምልክቱ የሚያዞራችሁን አቋርጬ ልሂድ የሚል ሐሳብ በሰሜን በኩል ወደ ዲ 900፣ በደቡብ በኩል ወደ ዲ 973 ይጥላል፤ ሁለቱም የፈጣን መኪናና የጭነት መንገድ ናቸው። ቀለበቱን ለሁለት ቆርጦ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሻገር ሰው ደግሞ ዲ 943ን ይይዛል፤ ከሉርማራን በላይ ተራራውን በሰነጠቀ ጠባብ ገደል ውስጥ የሚጠማዘዝ መንገድ ነው፣ እሑድ የሞተር ብስክሌት መንጋ ይሮጥበታል። ማለፍ ካለባችሁ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ከ8 ሰዓት በፊት (በፈረንሳይ ሰዓት አቆጣጠር)፣ የኋላ መብራት አብርታችሁ ይሁን።

መንደር ውስጥ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፤ ከጓሮ የምትመስል ቀጭን መንገድ የወጣች መኪና ሳታይ ትመጣለች፣ ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። «ግራቪዮን» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲታይ መንገዱ ሬንጅና ልቅ ጠጠር አዲስ ተደፍቶበታል ማለት ነው፤ ጠጠሩ የሚከማቸው በመንገዱ መሀልና በጠመዝማዛው ውጫዊ ጠርዝ ስለሆነ መኪና ጎማ የጠረገውን መስመር ይዛችሁ ከመታጠፋችሁ በፊት ፍሬን ጨርሱ። በመስከረም በወይን ለቀማ ጊዜ ትራክተር የጣለው ጭቃና የተጨፈለቀ ወይን ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። በጆሮ ማዳመጫ መጓዝ በመላ ፈረንሳይ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ። ከከተማ ውጭ በማታ ወይም ጉም ሲኖር አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። መኪና ሲቀድማችሁ ከከተማ ውጭ ቢያንስ 1.5 ሜትር ሊርቅ ይገባዋል፤ አብዛኛው የአካባቢው ሾፌር ይህን ያከብራል።

ብስክሌቱን በተመለከተ ቁም ነገሩ ማርሽ ነው። ፊት 50/34፣ ኋላ 11–34 ጥርስ ያለው የአስፋልት ብስክሌት ይበቃል። በ34 በ34 ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ያዞረ ሰው በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሻንጣ ተጭኖ ከዚህ የከበደ ማርሽ ጉልበትን ይፈጃል። ኋላው 25 ወይም 28 ላይ የሚያበቃ ብስክሌት ይዞ መምጣት የላኮስትና የቦንዬን ቀን ያበላሻል። ኮፐርቶኒው 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ላይ 5 ባር፣ በ32 ላይ 4 ባር ገደማ። አስፋልቱ ባመዛኙ ደህና ነው፣ ችግሩ ከዳር ያለው እሾህ ነው፤ ሁለት ካላማዳሪያ ያዙ፣ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊትም ኮፐርቶኒውን በጣት ውስጡን ዳብሱት፣ አለዚያ ያው እሾህ አዲሱንም ይበሳዋል። የዲስክ ፍሬን ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከቀጠነ ከጉዞው በፊት ይቀየር። ብስክሌት ጠጋኝ የሚገኘው በትልልቆቹ ከተሞች ነው፤ መንደር ውስጥ አትጠብቁ።

ውሃ ለማግኘት የየመንደሩ አደባባይ ቧንቧ አለ፤ «ኦ ፖታብል» የሚጠጣ፣ «ኦ ኖን ፖታብል» የማይጠጣ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ቀትሩ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች ዝቅተኛው ልክ ናቸው። ሌላው ጊዜ ነው፦ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከ12 እስከ 14 ሰዓት ነው፤ 14፡30 ላይ የደረሰ ሰው ቡና እንጂ ምግብ አያገኝም። ትንንሽ ሱቆችም ቀትር ላይ ይዘጋሉ። የተሻለው ወቅት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ከዚያም መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ላቬንደር የተባለውን ሐምራዊ መዓዛማ አበባ የሚፈልግ ግን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ መምጣት ግድ ይለዋል፤ ማልዶ ይንዳ።

ጎርድና የሴናንክ ገዳም ከቀለበቱ ውጭ ናቸው፤ በ1148 የተመሠረተው ገዳም ውብ ነው፣ ነገር ግን በላቬንደር ወር መንገዱ የመኪና ሰልፍ ነው። በዚያ ሰሞን ከአፕት የሚነሳውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የቀይ አፈር ቀለበት በሩሲዮን በኩል መዞር ይበልጣል።

ማደሪያ ስትመርጡ «አኬይ ቬሎ» የሚለውን አርማ ፈልጉ፤ ከብስክሌት መስመሩ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚገኝ፣ የሚቆለፍ የብስክሌት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያለው ቤት ማለት ነው። አርማው ስለ አልጋው ጥራት ምንም አይልም፣ ከእሱ ተለይቶ ይጠየቅ።

መድረሻው በባቡር ነው። በክልሉ የቴኧር ባቡር ብስክሌት ሳይፈታ ይገባል፣ ካቫዮንም ጣቢያ አላት። በፈጣኑ ቴዤቬ አቪኞ የሚወርድ ሰው ግን በ130 በ90 ሴንቲ ሜትር ከረጢት ፈትቶ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይጠበቅበታል፦ ሁለቱ ጎማዎች ይውጡ፣ ፔዳሎቹ ይፈቱ (የግራው ወደ ተቃራኒ ይዞራል)፣ በዲስክ ፍሬኑ መሀል ፕላስቲክ ይግባ፤ ጎማ ሳይኖር ፍሬኑ ከተጨበጠ ፒስተኖቹ ተጣብቀው ዲስኩ አልገባ ይላል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበት ትንሽ ብረት በከረጢት ውስጥ በቀላሉ ይጣመማል፤ ለእያንዳንዱ ብስክሌት የተለየ ስለሆነ የአካባቢው ጠጋኝ ላይኖረው ይችላል። መለዋወጫ አንድ ከኮርቻው ሥር ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።